ጌታሁንን ወይን ያስረገጥኩበት ቅዳሜ

ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ቄሱም ሲጠየቁ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራሉ። ሰው የሞተበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ናያጋራ ነው የሚወሰደው፤ የወይን መከር በዓል ላይ። ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ወሳጁ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ጌታሁንን ላስተዋውቃችሁ። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንደኛው ውስጥ እኔ ከታች፣ እሱ ከእኔ አናት ላይ እንኖራለን። እሱ ወንበር ሲጎትት ጣሪያዬ ያጉረመርማል፤ እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ እሱ ሳህን ይዞ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ከወንድም በልጠናል። ሥራው ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን የድድ ልክ ይልኩለታል፤ እሱ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ያበጃል። ከዚህ የተነሳ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ዓይን ዓይኑን አያይም። አንድ ጊዜ እናጋባው ብለን ካመጣንለት ልጅ ጋር ካፌ ተቀምጦ፣ "ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ጥርስሽን ማን ነው የሠራልሽ?" ብሏት፣ ልጅቱ ማኪያቶዋን ሳትጨርስ ሄደች። እስከ ዛሬ አላገባም።

ያሉት እናቱ ብቻ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ይኖሩ ነበር፤ ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። የፈረንጁን አፍ ሁሉ ሲሞላ የሚውል ልጅ የገዛ እናቱ በድዳቸው ሲያኝኩ ማሰቡ እንቅልፍ ይነሳዋል። አገር ቤት ያለ የጥርስ ሐኪም አስለምኖ የድዳቸውን ልክ አስወሰደና በሰው እጅ አስመጣ። ከዚያ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠ ከላይም ከታችም ሙሉ ጥርስ ሠራላቸው። በሰው እንላክላቸው ብንለው እምቢ አለ። "እኔ ራሴ አፏ ውስጥ ካላስገባሁት፣ የጎረበጣትን ካልሞረድኩላት አይሆንም" ይላል። ስለዚህ ጥርሱ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ የጌታሁንን ረጅም ዕረፍት ይጠብቃል። ወተት ልዋስ ወጥቼ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር የጌታሁን እናት ይስቁብኛል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ አርብ ከሥራ ስወጣ ጋሽ መኩሪያ ደወሉልኝ። ጋሽ መኩሪያ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ስማቸው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል የማይደነግጥ ሐበሻ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የለም፤ ለሠርግ ደውለው አያውቁማ።

"ብቻህን ነህ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ ጋሼ።"

"ቁጭ ብለሃል?"

ፓርኪንጉ መሐል ቆሜ ነበር። "ተቀምጫለሁ" አልኩ።

"የጌታሁን እናት አረፉ።"

ያኔ በእውነት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ባለ ፒክአፕ ፈረንጅ ጥሩምባውን ነፋብኝ።

መርዶ እንግዲህ እንደ ፒዛ በስልክ ታዞ አይመጣም። ሰዓት አለው፤ ሰው አለው፤ አኳኋን አለው። ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ሌሊቱን ብቻውን ሲያለቅስ እንዳያነጋ። ሽማግሌ ይቀድማል፣ ዘመድ ይከተላል፣ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ጎን ጎኑን ይቆማል፤ ሲወድቅ የሚይዝ። ለጌታሁን ያለው የሥጋ ዘመድ ኦታዋ የሚኖሩት አጎቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው የሚደርሱት ቅዳሜ ሲመሽ ነው። ስለዚህ መርዶው ለእሑድ ማለዳ ተቆረጠ።

"ችግሩ ቅዳሜ ነው" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ቅዳሜ ሥራ የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለእናቱ ይደውላል። ይህ ፌስቡክ የምትሉት ነገርም አለ፤ አንዱ ቀዥቃዣ ፎቷቸውን ከነሻማው ቢለጥፍስ? ከከተማ አውጣልኝ።"

"ወዴት ላውጣው?"

"ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ።"

"እንዲህ ዓይነት ቦታ አለ እንዴ ጋሼ?"

"ፈልግ እንጂ! መኪና ያለህ አንተ ነህ።"

እኔ ደግሞ በአስተዋይነቴ የተመረጥኩ መስሎኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ስፈልግ የወይንና የወይራ መከር በዓል አገኘሁ። ወይኑ የናያጋራ ነው፤ ወይራው ግን ከሌላ አገር ተጭኖ የሚመጣ እንግዳ ነው። ወይን ሲለቀም ለማየት ትኬት ቆርጦ የሚሄድ ሐበሻ የለም ብዬ ተማመንኩ። እኛ ከለቀማና ከአጨዳ ሸሽተን እዚህ የደረስን ሰዎች ነን። ፈረንጅ ነው አንድ ጊዜ ከሥራ ከተገላገለ በኋላ ናፍቆት፣ ከፍሎ የሚሠራው። ለጌታሁን ደወልኩና ከሥራ ቦታ ትኬት ተሰጠኝ፣ ነገ እንሂድ አልኩት።

"ከእናንተ ሥራ ቦታ?" አለኝ። እኔ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ በሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ውስጥ ቀለም በጥባጭ ነኝ። እስከዚያ ቀን ሱቁ የሰጠኝ ነገር ቢኖር የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ነው። "ደግሞ አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ወይን የምትወደው? አጠገብህ ቢራ ሲጠጣ እንኳን የምታዛጋ ሰው።"

"ሰው ይለወጣል" አልኩት።

"ታመሃል እንዴ?"

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ደግ ልሁን ሲል ወዳጆቹ ትኩሳቱን ይለኩታል።

ስልኩን እንዴት እንደምነጥቀው ሳስብ ነው ያደርኩት። እግዜር ይስጠው፣ ጠዋት እኔ ቤት ወርዶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሽንት ቤት ገባ። እኔም እንደ ሌባ ዘልዬ ስልኩን አነሳሁና የጤፍ ዱቄት ከረጢት ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ቀበርኩት። ሲወጣ ክንዴ ነጭ ሆኖ አየና "ምን እየሠራህ ነው?" አለኝ። "ሊጥ" አልኩት። ያቦካሁት ሊጥ ግን የለም።

ስልኩ ትዝ ያለው ሀይዌዩ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ፣ ወንበሩ ሥር ገባ።

"ፎኔን ረስቻለሁ። ተመለስ።"

"በዚህ ትራፊክ?"

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። የቅዳሜ ጠዋት መንገድ ነው፤ ከፊታችን አንዲት መኪና አትታይም። እኔንም አየኝ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና ተወው። ጌታሁን እንዲህ ነው፤ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ሰውን በውሸቱ አያሳፍርም።

ሀሚልተን ድልድይ ላይ ስንደርስ መኪናዬ መጮህ ጀመረች። ስልኬ ከመኪናዋ ጋር የተገናኘ ነው፤ የሚደወልልኝ ሁሉ በአራቱም ማዕዘን ነው የሚናገረው። ለማጥፋት እጄን ስሰድ ጣቴ ስቶ አነሳው።

"ሃሎ!" አሉ ጋሽ መኩሪያ መኪናውን ሞልተው። "ቀብሩ በሰላም ተፈጽሟል። የመጣው ሕዝብ ጉድ ነው አሉ!"

"ጋሽ መኩሪያ!" ብዬ ጮህኩ። "ስፒከር ላይ ነዎት! ጌታሁን አብሮኝ ነው!"

ከታች ሐይቁ ያበራል።

"እ… ጌታሁን ልጄ! እንዴት አደርክ?"

"ደህና ነኝ ጋሼ። የማን ቀብር ነው?"

"የአንዲት… የአንዲት እናት ነው። አገር ቤት። አንተ አታውቃቸውም።"

ጌታሁን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ነፍስ ይማር" አለ፣ ከልቡ። "ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጣቸው።"

"አሜን" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "አንተም በርታ ልጄ።" ድምፃቸው ተቆራረጠና ስልኩ ተዘጋ።

"እኔን ለምንድን ነው በርታ የሚሉኝ?" አለኝ።

"አርጅተዋል" አልኩት። መሪውን ጨብጬ ፊት ፊቴን አየሁ። ሰው ለገዛ እናቱ ሳያውቅ ነፍስ ይማር ሲል ሰምቶ መንዳት የሚችል ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊነጠቅ ይገባል።

በዓሉ ቦታ ደረስን። ወይኑ በመስመር በመስመር ተተክሎ እስከ ዳገቱ ድረስ ሄዷል። ፈረንጆቹ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ የገለባ ባርኔጣ አድርገው፣ ዘለላ በቆረጡ ቁጥር ፎቶ ይነሳሉ። ከድንኳኖቹ ሥር ደግሞ የሚቀመስ ወይን አለ። አቀማመሱን ላየ ሰው ያሳዝናል፤ አፋቸው ውስጥ ያስገቡታል፣ ይጉመጠመጡበታል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። ሰው ዓመት ሙሉ የደከመበትን ነገር እንግዳ ቀምሶ ሲተፋ፣ ባለቤቱ ቆሞ በደስታ ያያል። በእኛ አገር ጠጅ ቀምሶ ባልዲ ላይ የተፋ ሰው ሽማግሌ ልኮም አይታረቅም።

እኔ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ብቅል የሚፈልግ አልነበረም፤ ውሃ ብጠጣም ይወጣ ነበር። ጌታሁን ግን ቀመሰ፣ ዋጠ፣ ጨመረ። የአስተናጋጇን ጥርስ አይቶ "ቀዩ ጥርስሽን ያጠቁረዋል፣ ነጩን ነው የምትጠጪው" ብሎ መከራት። ልጅቱ ሳቀች። ይህ ሰው ማግባት የነበረበት እዚህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከኋላችን "ልጄን! ጌታሁኔን!" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ብዬ ነበር? እትዬ አስካለ ናቸው። ኢስት ዮርክ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ለካ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ በአውቶቡስ ሽርሽር አዘጋጅቶ ነበር። እትዬ አስካለ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጠላ እንኳን ሲሸታቸው የሚያማትቡ ሴት ናቸው። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው መጡና ጌታሁን አንገት ላይ ተጠመጠሙ። "አይዞህ ልጄ! አይዞህ! ሁላችንም የዚያው መንገደኞች ነን!" እያሉ እንባቸውን ያወርዱታል።

ጌታሁን በእቅፋቸው ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እትዬ አስካለን ክርናቸውን ይዤ በጆሯቸው "አልተነገረውም" አልኳቸው። እንደ ድንጋይ ደረቁ።

"ምን ሆነው ነው?" አለ ጌታሁን።

አፌ ውስጥ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጠጥተው ነው" አልኩ።

እትዬ አስካለ አዩኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከዚያ በፊት የታየሁት ልጅ ሆኜ የታቦት ጥላ ስሰብር ብቻ ነው። ከዚያ ጌታሁንን አዩት፤ ደስ ያለውን ፊቱን፣ ከወይኑ የቀላውን ከንፈሩን። ትንፋሻቸውን ሳቡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"አዎ ልጄ" አሉ። "ጠጥቼ ነው።" ይህም እንዳይበቃ ትንሽ ወደ ጎን ተንገዳገዱ።

ጌታሁን ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ውሃ አመጣላቸው፣ ተንበርክኮም መከራቸው። "እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከፀሐይ ጋር አይሆንም። እናቴ ቢሆኑ ነው እንደዚህ የምናገረው" አላቸው። እትዬ አስካለ "እሺ ልጄ፣ እሺ የኔ ጌታ" እያሉ ውሃውን ከእንባቸው ጋር ጠጡት። የሥራ ባልደረቦቻቸው ቆመው ያያሉ። ያቺ ሴት ያን ቀን ለጌታሁን ሲሉ የከፈሉትን ስም እኔ ብሆን አልከፍለውም ነበር።

ቀጥሎ የወይን ረገጣ መጣ። ትልልቅ በርሜል ከወገቡ ተቆርጦ፣ ወይን ተሞልቶ፣ በባዶ እግር ገብቶ መርገጥ ነው። ብዙ ጭማቂ ያወጣ ያሸንፋል። ጌታሁን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ አልረገጠም፤ ትከሻውን ጣል አድርጎ እስክስታ ጀመረ። ጊታር የያዙት ፈረንጆች እሱን አይተው ምታቸውን አፈጠኑለት። ሰው ተሰበሰበ፤ አጨበጨበ። ወይኑ እስከ ጉልበቱ ተረጨ። ጌታሁን ሲስቅ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሲስቅ ግን አይቼው አላውቅም። ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ነው የሳቀው፣ ስንት ዓመት የሰው ጥርስ ሲያይ የኖረ ሰው።

እኔ ከበርሜሉ ጎን ቆሜ ሳጨበጭብ አለቀስኩ። አገር ቤት ድንኳን ተጥሏል፤ ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ ልጃቸው ግን እዚህ አሸንፎ የወይን ቅጠል ዘውድ ሲደፋለት ይስቃል። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይላሉ። ዛሬ ይሳቅ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ ይህን ሳቅ ነገ ምን ያደርገዋል እላለሁ።

"ምን ያስለቅስሃል?" አለኝ ከበርሜሉ ውስጥ።

"ወይኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ።"

"ስልክህን ስጠኝ እስቲ፤ ለእማዬ ኮል ላድርግላት። አሁን እራት በልታ ተቀምጣለች። እግሬን በቪዲዮ ላሳያት፣ በሳቅ ነው የምትሞተው!"

ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ ፎቶ ሳነሳው። ጠፍቶብኛል አልል፣ እያየው ነው። ባትሪ ጨርሷል አልል፣ አሁን ነው ፎቶ ያነሳሁት። እጁን ዘረጋ። እኔም ስልኩን ዘረጋሁለትና፣ ጣቶቹ ሊነኩት ሲሉ በርሜሉ ውስጥ ለቀቅኩት። ገና የወር ክፍያው ያላለቀ ስልክ ነው። ጥልቅ ብሎ ሰመጠ።

"ወደቀብኝ!" አልኩ።

ጌታሁን እንደ አሳ አጥማጅ ተጎንብሶ ከወይኑ ውስጥ ፈልጎ አወጣው። ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። "አይዞህ፣ ሩዝ ውስጥ እንከተዋለን፣ ይድናል" ብሎ አጽናናኝ። እሱ እኔን አጽናናኝ። ከሌላ ሰው ስልክ እንዳይዋስ ስሰጋ፣ ራሱ ቆም ብሎ አሰበና "ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም ለካ" አለ። ዕድሜ ለዘመኑ፤ የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው አጥፍቶልናል።

ስንወጣ የወይራ ዘይት ድንኳን ጋር ቆመ። አንድ ጠርሙስ አንስቶ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

"ለጉልበቷ ጥሩ ነው ይላሉ" አለ። "አሞቅ አድርጎ ማሸት ነው።"

"ጥሩ ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ስንመለስ ዘይቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ዝቅ ብላለች። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "ወስኛለሁ" አለ።

"ምን?"

"ለጥምቀት እሄዳለሁ። ሰው ለመኖር ብሎ እንዴት ዕድሜውን ሙሉ ዕረፍት ይቆጥባል? ዛሬ በርሜሉ ውስጥ ሆኜ ነው ያሰብኩት። ሰኞ አለቃዬን እነግረዋለሁ። ጥርሷን አደርግላታለሁ፤ ከዚያ ጥሬ ሥጋ ነው የማበላት።" ወደ እኔ ዞረና "አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለኝ።

"እሄዳለሁ" አልኩት።

እሑድ ማለዳ ጨለማው ሳይገፍ ኮሪደሩ ላይ ተሰለፍን። ጋሽ መኩሪያ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት፣ አጎቱ ከጎናቸው፣ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከሁሉም በስተኋላ። ሊፍቱ ሰው ሲያራግፍ የሰማ አንድ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና ቆለፈው። ጋሽ መኩሪያ አንኳኩ።

ጌታሁን በሌሊት ልብሱ ከፈተ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ወይን ጠጅ ነበር፤ ታጥቦም አልለቀቀለት። ጋሽ መኩሪያን አየ፣ አጎቱን አየ። መናገር አላስፈለገም፤ ያንን ሰልፍ በሩ ላይ ያየ ሐበሻ ቀሪውን ያውቃል። እኛ ልንይዘው ስንዘጋጅ እሱ አልወደቀም። በሩን ይዞ ቆመ።

"ጋሼ" አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ትናንት በስልክ ያሉኝ ቀብር…"

ጋሽ መኩሪያ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ዓይኑ በሰዎቹ ትከሻ ላይ ተሻግሮ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝ። "ነፍስ ይማር ስል እየሰማህ ዝም ብለህ ነዳህ?" አለኝ። "ስጨፍር ቆመህ አጨበጨብክልኝ?" ያኔ ነው የወደቀው። የያዙት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ከኋላ ስለነበርኩ አልደረስኩም።

ሐዘኑ በወጉ ተካሄደ። ሰው ምግብ ይዞ ጎረፈ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት ሴት ድስት ልታስቀምጥ ፍሪጁን ከፍታ ጮኸች። ጌታሁን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ "የእማዬ ናቸው፤ አትንኩብኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብኩ፤ የታጠበውንም መልሼ አጠብኩ።

እኔን አላናገረኝም። ሻይ ሳቀርብለት ከእጄ ይቀበላል፤ ፊቴን ግን አያይም። ከራሴ በላይ ወንበር ሲጎትት መስማት ቀረ፤ በእግር ጣቱ የሚሄድ ይመስል ነበር። የተቀበረውን ስልኩን ከጤፉ አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ በአጎቱ እጅ ላክሁለት። አርባቸው ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ሽንኩርት ሳቁላላ በሬ ተንኳኳ። ሳህን ይዞ ቆሟል። በላን። አጥበን ከጨረስን በኋላ ፎጣውን እንደያዘ፣ "አንድ ነገር ልንገርህ" አለኝ። "በአንተ ላይ ሲደርስ እኔ አልደብቅህም። በሰማሁበት ሰዓት፣ ባለህበት መጥቼ ነው የምነግርህ። አንድ ደቂቃ አልሰርቅህም።"

እኔ እንደ ዛቻ ነበር የሰማሁት።

በረዶው ቀልጦ ሰው አጥሩን መቀባት ሲጀምር ሱቃችን ይጨናነቃል። አንድ ቀን ለአንዲት ሴትዮ የመኝታ ቤት ነጭ ቀለም ስበጠብጥ፣ ጌታሁን በመደርደሪያዎቹ መሐል ሲመጣ አየሁት። ነጩን የሥራ ጋዋኑን እንደለበሰ ነው፤ እጁ ላይ የጥርስ ልክ የሚሞላበት ጄሶ ደርቋል። ወርክሾፑ ካለበት ከዌስተን እስከዚህ በዚያው ልብሱ ነው የመጣው። ወረፋውን አልፎ ባንኮኒው ጋር ቆመ።

"አባትህ ዛሬ አረፉ" አለኝ። "ወንድምህ ለጋሽ መኩሪያ ደውሎ ነው። እሑድ ሊነግሩህ ነበር፤ እኔ አልጠብቅም አልኳቸው።"

አባቴ ጅማ ናቸው። ጅማ ነበሩ። መበጥበጫው ማሽን እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ደወሉ እስኪሰማ ቆሜ ጠበቅሁት። ጣሳውን አወጣሁ፣ ክዳኑን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ዘጋሁ፣ ለሴትዮዋ ሰጠሁ። "ደርቆ ሲታይ ትንሽ ይደምቃል" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ሰማያዊ ቀለም ፈልጎ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ሲነግረኝ ባንኮኒውን ይዤ ወደ ታች ተንሸራተትኩ።

ጌታሁን ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ ደገፈኝ። ከጣሳዎቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጥን። ደንበኞቹ ያዩናል። ትከሻዬን ይዞ ብዙ ቆየ፤ እሱም እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ልክ ፈተና ጽፎ እንደሚጠብቅ ተማሪ ፊቴን አየኝ።

"ደህና አደረግሁ አይደል?" አለኝ።

"ደህና አደረግህ" አልኩት።

ይህን ሁሉ ውሸት ዋሽቼው እንደዚህኛው የከበደኝ የለም። እኔ የፈለግሁት አባቴ አርፈውም እኔ ሳላውቅ የምስቅበት አንድ ቀን ብቻ ነበር።